በመምህር ታደለ ስክሪን ላይ የሚሄዱት መስመሮች

ሰኞ

ዛሬም ራሳቸውን በሻሽ ጠፍንገው መጡ። መምህር ታደለ ናቸው፤ ከሦስት ሳምንት በፊት የተሰበረ የስልክ ስክሪን የቀየርኩላቸው። መብራት ከጠፋ አምስተኛ ቀኑ ስለሆነ ስልካቸውን እኔ ሱቅ፣ ሶላሩ ላይ ትተውት ይውላሉ።

«ሳይነስ ነው» አሉ ግንባራቸውን እየተጫኑ። «ማታ ሞጁሌን ሳነብ ይብስብኛል።»

ሞጁሉ ያለው ስልካቸው ውስጥ ነው። ቻርጅ እንዳያልቅባቸው ብርሃኑን እታች አውርደው ያነባሉ። ቅዳሜ አማን ከተማ የርቀት ትምህርት ፈተና አለባቸው።

ጎረቤቴ ፍቃዱ፣ የስልክ ከቨር ሻጩ፣ አዲሱን መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ፣ «መምህር፣ ጭንቅላት እንደ ስልክ ሚሞሪ አይጨመርለት! ይብቃዎት» አለ። መምህርም ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ሕመሙ የጀመራቸው መቼ እንደሆነ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ማክሰኞ

ቻርጅ ላይ ያሉት ስልኮች እንዳይቀያየሩብኝ እያንዳንዱን ከባለቤቱ ስም ጋር ፎቶ አነሳለሁ። ዛሬ የመምህርን ላነሳ ካሜራዬን ሳስጠጋ፣ ስክሪናቸው ላይ ጥቁር መስመሮች ከላይ ወደ ታች ሲሄዱ አየሁ። ካሜራውን አነሳሁት፤ በዓይኔ ምንም የለም። መለስኩት፤ ይሄዳሉ።

ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ጨመርኩ፤ ጠፉ። ቀነስኩ፤ መጡ። በጣም ቀነስኩ፤ ወፈሩ። ስክሪናቸው ያልተቀየረ ሦስት ስልኮችን ሞከርኩ። ንጹሕ ናቸው።

እንግዲህ የስክሪኑ ብርሃን ይጠፋል ይበራል ማለት ነው፣ ዓይን እስከማይደርስበት ፈጥኖ። ይህን ማንም አላስተማረኝም። የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ከሞቱ ስልኮችና ከተቀዳደዱ የመመሪያ ወረቀቶች ነው። ዓይናቸው አላየውም። ጭንቅላታቸው ግን አይቶት ይሆን?

ስክሪኑ ኮፒ እንጂ ኦርጅናል አለመሆኑን ነግሬያቸው ነው የገጠምኩት። ይህን ግን አላውቅም ነበር።

ረቡዕ

ሚስታቸው ብርቄ ስልኩን ልትወስድ መጣች። በእጇ ጠበል የሞላ ጠርሙስ።

«ይሄን ሁሉ ቀን አስጠጣሁት፣ አልለቅ አለው። ዓርብ ጅማ ወስጄ ጭንቅላቱን አስመረምረዋለሁ።»

«ፈተናውስ?»

«ጭንቅላት ሳይኖር ምን ፈተና አለ?»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ፍቃዱ በር ላይ ቆሟል። መጀመሪያ ሱቄን ስከፍት «ሴት የፈታችው ስልክ ተመልሶ አይገጥምም» ያለው እሱ ነው። አፌን ዘጋሁ።

የፈራሁት፦ ስሜ ይጠፋል። ደግሞ ተሳስቼስ ቢሆን? ሕመሙ ሌላ ሆኖ በእኔ ወሬ ሕክምና ቢቀሩስ?

ብርሃኑን ጨምረው ያንብቡ እንኳ ብዬ አልላክሁም። የሚያሳፍረኝ ይሄኛው ነው።

ሐሙስ

ዝናቡ ሳያባራ ቤታቸው ሄድኩ። ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ በካሜራዬ አሳየኋቸው። መምህር አጎንብሰው አዩት።

«እስቲ ድገሚው፣ እትዬ አልማዝ። ቀንሽው... አሁን ጨምሪው።»

ብርቄ ወገቧን ይዛ፣ «እንዴ! ያን ሁሉ ጠበል ያስጠጣሁት ለስክሪን ነው?» አለች።

መንስኤው ይሄ መሆኑን እንደማላውቅ ደጋግሜ ነገርኳቸው። ጅማ እስከ ሰኞ ይቆይ ተባለ።

ከሞተ ስልክ ያወጣሁት፣ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ ኦርጅናል ስክሪን ነበረኝ። የገጠምኩትን ኮፒ ለመንቀል ሙጫው መሞቅ አለበት፤ ለፀጉር ማድረቂያዬ ደግሞ መብራት የለም። የብርቄን የከሰል ካውያ በጨርቅ ጠቅልዬ ሙጫውን አሞቅሁበት። ኦርጅናሉን ገጠምኩት። በራ። ብርሃኑን እታች አወረድኩት፤ በካሜራ አየሁት፤ መስመር የለም።

ዓርብ

ከመምህር ወሬ የለም። ብርቄ ለሰፈሩ ሁሉ ነግራለች። ፍቃዱ ገና ሱቄን ስከፍት፣ «ዶክተር፣ በሽተኛሽ እንዴት አደረ?» አለኝ። የያዝኩትን ስልክ መፍታት ጀመርኩ። ሁለት ብሎን ጠፋብኝ። የጅማ አውቶቡስ ጡሩምባ ሲያሰማ፣ ሐሳባቸውን ለውጠው ተሳፍረው ይሆን ብዬ ወጥቼ አየሁ።

ቅዳሜ

ከሰዓት መምህር ከአማን በባጃጅ መጡ። ሻሽ የለም።

«ትናንት ቀለል አለኝ። ዛሬ ፈተናው ላይ ጭራሽ ረሳሁት። ፈተናው ግን ከበደኝ፤ እሱን በስክሪን አላሳብብም።»

ብርቄ ጠበሉ ነው ትላለች። ይሁን። ሊሆንም ይችላል።

ግን የመምህርን ኮፒ ያወጣሁበት ካርቶን ስድስት ስክሪን ነበረው። አንዱ የመምህር። የአራቱን ባለቤቶች ስም ጽፌያለሁ፤ ሁለቱ እዚሁ ሚዛን ከተማ፣ አንዷ ሸኮ፣ አንዱ ማሻ። ስድስተኛው የፍቃዱ ነው።

ሄድኩና «ስልክህን አምጣ፣ ብርሃኑን ቀንሰው» አልኩት። በካሜራዬ አሳየሁት። መስመሮቹ ሲሄዱ አየ። ከዚያ መነጽሩን ቀስ ብሎ አወለቀ።

«መቼ ነው የገዛኸው?»

«ስክሪኑን በቀየርሽልኝ በሳምንቱ። ዓይኔ ደከመ ብዬ...» አገላብጦ አየው። «አሁን ይሄን ለማን ልሸጠው ነው፣ እትዬ?»

ሳምንቱን ሙሉ ያልሳቅሁትን ሳቅሁ። እሱም ሳቀ።

ሰኞ ሸኮ እደውላለሁ። የሸኮዋ ደንበኛዬ ግን እንደ ፍቃዱ የምትስቅ ሴት አይደለችም።