ነጎድጓድ ሲሰማ ሶኬት ስለመንቀል

ለተከበሩ የአውራጃችን የመብራት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ከቪሶካ ክሩሻ መንደር፣ ከሮዶፒ ተራሮች

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና ቤተሰብዎን በሙሉ ጤና፣ የቢሮዎንም አምፖል ሳይርገበገብ ያግኝልኝ። እኔ ዛፕሪያን ካራሚትሬቭ የሰባ አራት ዓመት ጡረተኛ ነኝ፤ የምጽፍልዎትም ተቆጥቼ አይደለም፣ ለቁጣ የሚሆን ጉልበት ካለቀብኝ ቆይቷል።

አንደኛ፣ «ነጎድጓድ እንደሰሙ ሶኬት ይንቀሉ» የሚለው ባለቀለም በራሪ ወረቀትዎ ደርሶናል፤ ከልብ እናመሰግናለን። እርግጥ እኛ ይህን ሥራ የጀመርነው ወረቀቱ ከመታተሙ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ከሁላችንም ቤት ከፍ ብሎ፣ ተረተሩ ላይ የሚኖሩት እማማ ዝላትካ ደመናው በግሪክ በኩል ብቅ ሲል የበጎቻቸውን ቃጭል እየደበደቡ «ንቀሉ! ኧረ ንቀሉ፣ መጣላችሁ!» ብለው ይጮሃሉ፤ መንደሩም ድንች መላጡን ትቶ ወደ ግድግዳው ይሮጣል። ባለፈው ሰኔ እሳቸው ጥርሳቸውን ሊታከሙ ከተማ ወርደው ስለነበር የአሥራ አንድ ቤት ፍሪጅና ቴሌቪዥን ተቃጠለ። የአንድ ሙሉ ድርጅት ሥራ በአንድ ቃጭል ሲሠራልን እንደኖረ የገባን ያን ቀን ነው።

ሁለተኛ፣ ከዚያ በኋላ ቴክኒሻን ስለላኩልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ትሁት ሰው ነው። ትራንስፎርመሩን ዞሮ አይቶ፣ «አባባ፣ ትርፉን ኃይል ወደ መሬት የሚያወርደው የመዳብ ሽቦ እኮ ተቆርጦ ተወስዷል። መብረቁ ታዲያ የት ይሂድ? እናንተው ቤት ነዋ የሚገባው!» ብሎኝ ፎቶ አንስቶ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት «መሣሪያው በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» የሚል መልስ ከቢሮዎ ደረሰን። ማኅተሙ በጣም ያምራል።

የቀረውን «ሦስተኛ» ብዬ ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ብዙ አመነታሁ። ባለቤቴ ቬሊካ አርባ ዓመት የትምባሆ ቅጠል በክር ስትሰድር ኖራ ሳንባዋ አልቋል፤ የምትተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነው። ማሽኑም እንደ ፍሪጁ ሶኬት አለው። ከተቃጠለ ሌላ የለንም፤ ሆስፒታሉ ተራ ጠብቁ ብሎናል። ባለፈው ማክሰኞ ነጎድጓዱ ሲጀምር መመሪያዎን አክብሬ ነቀልኩት፤ ለክፉ ቀን የተሰጠችንን ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደርም ከፈትኩላት። ሲሊንደሯ አርባ ደቂቃ ያህል ቆይታ አለቀች፤ መብረቁ ግን አላቆመም። ከንፈሯ እየጠቆረ ሲሄድ ሶኬቱን ይዤ ግድግዳው ሥር ቆምኩ። ብሰካው ማሽኑ ሊቃጠል ነው፤ ባልሰካው እሷ ልትሞትብኝ ነው። «ስካው በቃ፣ የመጣው ይምጣ» አለችኝ። ሰካሁት። ያን ቀን ተረፍን። ፈርቻለሁ ክቡር ሆይ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሰማይ በጠቆረ ቁጥር ሄጄ ሶኬቱ አጠገብ እቆማለሁ።

የምንለምነው ያቺ የተቆረጠች ሽቦ እንድትተካልን ብቻ ነው። ድርጅትዎ ከዚህ የከበደ ጉዳይ እንዳለበት እንረዳለን፤ ሌላ በራሪ ወረቀትም ሳይታተም አይቀርም።

ከእርስዎ ሌላ መብራት የሚሸጥለት ባለማግኘቱ ዘወትር ታማኝ ደንበኛዎና አክባሪዎ፣
ዛፕሪያን ካራሚትሬቭ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የፊታችን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ እንደሚኖር ሬዲዮው ተናግሯል። ከሶኬቱ አጠገብ ወንበር አዘጋጅቼልዎታለሁ፤ መጥተው መቼ እንደሚነቀልና መቼ እንደሚሰካ እርስዎ ቢወስኑልን ደስ ይለናል። ቬሊካ እንደሆነች አትወቅስዎትም፤ ለወቀሳ የሚተርፍ ትንፋሽ የላትም።