ለእርስዎ ጎንበስ ስል የሸሸው ጦሬ

ለማለዳ ወጣቶች ማዕከል ኃላፊ፣ ለተከበሩ አቶ ቢሻው
ቦንጋ
ጥቅምት 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? በተለይ እግርዎ እንዴት ነው? በፍጻሜው ውድድር ዕለት ያን ሁሉ ጭቃ ረግጠው፣ ጨዋታው በጦፈበት ሰዓት ስለገቡልን እስከ ዛሬ አሳቤ ከእግርዎ አልተለየም። እኔ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ ቀጸላ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከቅናት በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

አንደኛ፣ ስለ አዲሱ መሣሪያ አመሰግናለሁ። አራት ዓመት ሙሉ በአብዱልሰመድ ጌም ቤት የጦር ስልት ጨዋታን በማውስ ስጫወት፣ እንጨት አስለቅሜ፣ ግንብ አስገንብቼ፣ ጠላት ሳይነቃ ከኋላው ስደርስበት፣ ከቦንጋ እስከ ሺሺንዳ የሚችለኝ አልነበረም። ማዕከላችን የተጫዋቹን እጅ እያየ ሠራዊት የሚያዝ ካሜራ በእርዳታ ባገኘ ማግስት ግን፣ ማውስ ያረጀ ያፈጀ ነገር ነው ብለው ውድድሩ በእጅ እንቅስቃሴ ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። ቀኝ እጅ ወደ ፊት ሲዘረጋ ጦሩ ይዘምታል፤ ሁለቱም እጆች ወደ ታች ሲወርዱ ያፈገፍጋል። ለአራት ዓመት ልፋቴ እንዲህ ያማረ ቀብር ስላዘጋጁለት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፣ ደምመላሽ። ደምመላሽ የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ከቢታ ገነት የሚመጣውን አውቶቡስ በእጁ ና፣ ና፣ ቁም እያለ ሲያስገባ የኖረ፣ ማውስ በየት በኩል እንደሚያዝ የማያውቅ ሰው፣ ካሜራው ፊት ቆሞ እጁን ቢያወናጭፍ ፈረሰኛው ሁሉ ታዘዘለት። እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴ አረረ። ያ እጅ የእኔ በሆነ ብዬ ተመኘሁ። የሱቄን በር ዘግቼ መስታወት ፊት ሞከርኩት፤ እንደ እሱ አላማረብኝም።

ቢሆንም በፍጻሜው ጨዋታ እየመራሁ ነበር። የደምመላሽ ግንብ አንድ በር ብቻ ቀርቶት ሳለ ክቡርነትዎ ብቅ አሉ። ማንኪራ ቀበሌ የሚኖሩት አባቴ፣ ትልቅ ሰው ሲገባ ሁለት እጅን ዝቅ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም ማለትን ያስተማሩኝ ገና ዛፍ ላይ የንብ ቀፎ መስቀል ሳልችል ነው። ጎንበስ አልኩ። እርስዎም ከትሕትናዎ የተነሣ የቤተሰቤን ጤና በየተራ ጠየቁኝ፤ እኔም ለእያንዳንዱ ጥያቄ ጎንበስ እያልኩ መለስኩ። እናቴ ደህና ናት ስል ፈረሰኛዬ ሸሸ፤ አባቴ ደህና ናቸው ስል ቀስተኛዬ ተከተለው፤ ከብቶቹ ጋ ስንደርስ የሚከላከልልኝ ወታደር አልነበረም። ደምመላሽ ግን ዞር ብሎም አላየዎት። አውቶቡስ ወደ ኋላ እያስገባ እጅ የሚነሣ ተራ አስከባሪ የት አለ? አሸነፈ፤ ዞናችንን ወክሎ ሐዋሳ የሚሄደውም እሱ ሆነ። እኔ ሐዋሳን አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛው አቤቱታዬ አጭር ነው። ለእኔ የምስጉን ሥነ ምግባር ምስክር ወረቀት ሸለሙኝ፤ የደምመላሽን የድጋፍ ደብዳቤ ደግሞ እንድተይብ ወደ እኔው ሱቅ ላኩት። በስሙ ላይ አንድ ፊደል እንኳ ሳላጎድል ጨረስኩት። ከጦርነቱ ሁሉ የከበደኝ ያ ነበር።

እንግዲህ ለሚመጣው ዓመት በአዳራሹ በር ላይ፣ ጨዋታ ሳይጠናቀቅ የተከበረ ሰው እንዳይገባ የሚል ማስታወቂያ እንዲለጠፍ በትሕትና እጠይቃለሁ። ጽሑፉን እኔ በነፃ እተይባለሁ።

መምጫዎ የተባረከ፣ አመጣጥዎ ግን ትንሽ የዘገየ እንዲሆን ዘወትር የሚጸልይልዎ፣ ጦር አልባው አገልጋይዎ፣
ቀጸላ ገብረ ሥላሴ

ማሳሰቢያ፦ ደምመላሽን በዕለቱ እጅ ስላልነሣዎ ገሥጸው፣ ከቀጸላ ሥርዓት ተማር ብለው ስለላኩልኝ ትእዛዝዎን ፈጽሜአለሁ። ሦስት ቀን አሠለጠንኩት። አሁን ትልቅ ሰው በር ላይ ሲታይ ሳያስብ ሁለት እጁን ዝቅ አድርጎ ወገቡ እስኪታጠፍ ጎንበስ ይላል። የሐዋሳውን ውድድር የሚጎበኙት የእርስዎ የበላይ መሆናቸውን ሰማሁ፤ እሳቸውም እንደ እርስዎ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ መድረስ ይወዳሉ አሉ።