የወ/ሮ ዘነቡ ቆጣሪና የእኔ ዋይፋይ

ሰኞ፣ የካቲት 2። ቢቸና

ዛሬም መብራቱ ደከመ፤ ዛሬም የተጠራው የእኔ ስም። ግቢው ውስጥ አራት ተከራይ፣ አንድ ቆጣሪ። አከራያችን ወ/ሮ ዘነቡ የዋይፋይ ሳጥኔን በመስኮት አይታ ፈረደች፦ ቀን ከሌት ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ነው መብራቱን የሚጨርሰው። የእሷ የኤሌክትሪክ ምድጃ ብልጭ አይል፤ ስለዚህ ንጹሕ ነው! ሳጥኑን ካላነሳሁ በወሩ መጨረሻ ቤቱን ልልቀቅ። ፊት ለፊት «እርስዎ» እላታለሁ። እዚህ፣ ካንተ ጋር፣ አንቱታ የለም፣ ደብተሬ። የአይሲቲ መምህርት ነኝ። አሳያታለሁ።

ቅዳሜ 7። ሞጣ

ለዚሁ ብዬ መጣሁ። ኑሩ፣ ቤተሰቡ ከአያቱ ጀምሮ እዚሁ ሞጣ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚነግድ ጓደኛዬ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ የመብራት ፍጆታ መለኪያ አዋሰኝ። ሳቀብኝ፤ ለአንዲት ሴትዮ ብለሽ ነው ይህን ሁሉ መንገድ? አዎ። ለአንዲት ሴትዮ።

እሑድ 8። ከሰዓት

ተከራዩን ሁሉ ሰበሰብኩ። ሳጥኑ ተለካ፤ ከአንዲት ትንሽ አምፖል አይበልጥም። ምድጃዋ ሲሰካ ቁጥሩ ዘለለ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ከዚያ ወ/ሮ ዘነቡ ጠየቀችኝ። በዋይፋይሽ የምናየው ቪዲዮ ከየት ነው የሚመጣው? ከሌላ አገር፣ ከትልልቅ ኮምፒውተሮች። እነሱስ መብራት አይበሉም? ይበላሉ። መሃል ያለው የኔትወርክ ማማስ? እሱም። ስንት?

የእኔ ድርሻ ከስንቱ ሰው ጋር ተቀላቅሏል፤ ማን ይለየዋል? ግምት ነው፣ ገማቹም ሁሉ የየራሱን ይላል አልኩ። እሱ እዚህ ቆጣሪ ላይ አይቆጠርም ልል ስል ግቢው ሁሉ አውካካ። የማታውቀውን ልትለካ ሞጣ ድረስ ሄደች ተባልኩ። ቤቱንም ልቀቂ።

ሰኞ 9

ትምህርት አስተማርኩ፤ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም።

ማክሰኞ 10። ማታ 1፡00

ወ/ሮ ዘነቡ የረሳችው ነገር አለ። ልጇ ሞጣ አራስ ናት። ሴትዮዋ ወገቧን ስለሚያማት መኪና አትሳፈርም፤ ስልኳ ላይም ዳታ የላትም። የልጅ ልጇን የምታየው በቪዲዮ ነው፣ ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት፣ በእኔ ዋይፋይ። የይለፍ ቃሉን የሰጠኋት እኔው ነኝ።

ሳጥኑን ነቀልኩት።

ግቢው መሃል ቆማ ስልኩን ወደ ላይ ታነሳለች። ሕፃኑን በስሙ ትጠራለች፣ ደግማ ደጋግማ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ!

አሁን ደጄ ላይ ናት። ድምፅዋ እንዴት ለስልሷል፤ የእኔ ልጅ፣ አንዴ ብቻ ትለኛለች። አልከፍትም። ነገ ዕቃዬን ጭኜ እወጣለሁ፤ ሳጥኑም አብሮኝ። ቆጣሪዋን እያየች ትቀመጥ። ቀንሶ እንደሆነ ለልጅ ልጇ ታሳየው። በምን እንደምታሳየው ግን—