«ሃርድሊ» የምትባለው ቃል

ረቡዕ

ሙኒር ወድቋል። ታናሽ ወንድሜ። ዱባይ በገመድ እየተንጠለጠለ የፎቅ መስታወት ነው የሚያጥበው። የነገረኝ እሱ ራሱ አይደለም፣ ስልኩ ተሰብሯል። አብሮት የሚያድረው ኔፓላዊ ነው በእንግሊዝኛ የጻፈልኝ። «ፎል» የሚለውን አወቅሁት። «ሆስፒታል» የሚለውንም አወቅሁት። ቀጥሎ «ሃርድሊ ኸርት» ይላል። ኸርት መጎዳት እንደሆነ ገብቶኛል። ሃርድሊን ግን አላውቃትም።

የስልኬን ተርጓሚ ብጠይቀው «በጭንቅ ተጎድቷል» አለኝ። ጭንቅ የሚለውን ሳይ ስልኩን ይዤ ወጣሁ።

ጎረቤቴ ጋሽ ተካ ሻንጣ ይሸጣሉ፤ ከቻይና ነጋዴዎች ጋር በእንግሊዝኛ ስለሚጻጻፉ ሄጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አነበቡት። በመጨረሻ፣ «ሃርድ ማለት ከባድ ነው ልጄ። ክፉኛ ተጎድቷል ነው የሚለው» አሉኝ።

ለኔፓላዊው ጻፍኩ። አላየውም። ደወልኩ። አያነሳም።

ለእማዬ አልነገርኳትም፣ ግፊት አለባት። ሙኒር ዛሬም አልደወለም ወይ ስትለኝ ኔትወርክ ነው አልኳት። እንዳትጠረጥር ራት በላሁ።

ሐሙስ

መጋረጃ የምሰፋበትን ሱቄን ከፈትኩ እንጂ ሥራስ አልሠራሁም። የሰው መጋረጃ አሳጥሬ ቆረጥኩ። እግሩ ይሆን? አከርካሪው? ጭንቅላቱ? ሬሳ ከውጭ ለማምጣት የት ነው የሚኬደው? ይህን ማሰቤ ራሱ አስፈራኝ። አላህ ይጠብቀን።

ከሰዓት በኋላ ሰናይት መጣች። ደንበኛዬ ናት፣ መሳለሚያ አካባቢ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። መጋረጃዋን ልትወስድ መጥታ ፊቴን ስታይ ደነገጠች። ስልኩን ሰጠኋት። አነበበችና እጄን ያዘችኝ።

«ዘምዘም፣ ወንድምሽ አልተጎዳም ማለት ይቻላል።»

አላመንኳትም። ጋሽ ተካን ጠራኋቸው። እሷም ጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጣ ለሁለታችን አስረዳችን። ሃርድ ብቻዋን ስትሆን ከባድ፣ ጠንካራ፣ ወይም በርትቶ ማለት ናት። «ሊ» ስትጨመርባት ግን ሌላ ቃል ትሆናለች፦ እምብዛም፣ ለስሙ ያህል፣ ከምንም የማይቆጠር። ተማሪዎቿም ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። «ሂ ወርክስ ሃርድ» ከተባለ ሰውየው ታታሪ ነው። «ሂ ሃርድሊ ወርክስ» ከተባለ ደግሞ ሥራ የሚባል አይነካም።

«ቀጥሎ የመጣውን ነገር ወደ ምንም ታስጠጋዋለች» አለች። «እዚህ ጋ ቀጥሎ የመጣው ጉዳት ነው። እና ጉዳቱን ነው ያሳነሰችው።»

ጋሽ ተካ አፈሩ። እኔ በዚህ እንግሊዝኛ ስንት ዕቃ አዝዣለሁ አሉና አሳቁን። ሰናይትን አቅፌ ሳምኳት። ስትሄድ አለቀስኩ።

ዓርብ

ጁምዓ ነው። መንገዱ እስከ ሱቄ ደጃፍ በሰጋጅ ሞልቷል። መዝጊያውን ገርበብ አድርጌ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ የኔፓላዊው መልእክት ገባ። ሙኒር ከሆስፒታል ወጥቷል። ቀጥሎ፣ «ሂ ሃርድሊ ኢትስ። ሂ ሃርድሊ ቶክስ።»

ዛሬ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። አሁን ቀጥሎ የመጣው መብላት ነው። መናገር ነው። እህል አይቀምስም፣ ቃል አይወጣውም ማለት ነው። ትናንት ያሳረፈችኝ ቃል ዛሬ መልሳ አስጨነቀችኝ። ምነው ባልገባኝ ኖሮ አልኩ።

ለምን ብዬ ጻፍኩለት። የመለሰልኝን በተርጓሚው እያገላበጥኩ አነበብኩት፤ ገመዱ ሲበጠስ ሁለት ነበሩ። ሙኒርን የደህንነት ቀበቶው ይዞት አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጓደኛው ግን መሬት ድረስ ወድቆ ሞተ። ሰው መጥቶ እስኪያወርደው ሙኒር ወደ ታች እያየው ነበር።

ሰው ከውስጥ ሲሰበርስ ምን ይባላል? በየትኛውም ቋንቋ አላውቀውም። ራሱን አንድ ነገር ቢያደርግስ?

ቅዳሜ

ጠዋት ለእማዬ ነገርኳት። ትወድቅብኛለች ብዬ ወንበር አስጠግቼ ነበር። አልወደቀችም። «ደውዪለት» ብቻ አለችኝ።

ኔፓላዊው በቪዲዮ አነሳና ካሜራውን ወደ ሙኒር አዞረው። ከስቷል። ግንባሩ ላይ ፕላስተር አለ፣ ሌላ ቁስል አይታይም። እማዬ ስሙን ጠራችው። አልመለሰላትም። ምን ሆንክ አላለችውም። በስልጢኛ ስለ ሰፈሩ ታወራለት ጀመር፤ የጣሪያችን ማፍሰስ፣ የነከድር ልጅ ኒካህ፣ ቲማቲም ዘንድሮ እንደማይቀመስ። እሱ ወለሉን ያያል። እሷ ታወራለች።

በመጨረሻ፣ «እማዬ፣ ከፍታ ላይ መውጣት አልችልም» አላት።

«ማን ውጣ አለህ? ና ወደ ቤትህ» አለችው።

ኔፓላዊው ሳህን አቀረበለት። ሙኒር ቂጣውን ብዙ ካየው በኋላ ቆረሰና አፉ ውስጥ ከተተ። ቀስ ብሎ አላመጠ። እማዬ ወሬዋን አቆመች። ሁለታችንም ስክሪኑ ላይ ተደፍተን ጉሮሮውን እናያለን።

ዋጠው። ሌላ ቆረሰ።