ቁጭ ብለሽ አንብቢው

ጥር ፲፪፣ ማክሰኞ ጠዋት
ከሴቶች ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ካለው አልጋ

የኔ ሚጢጢ፣ የሆዴ ፍሬ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? በመጀመሪያ ቁጭ በይ። አውቅሻለሁ፣ ደብዳቤ ሲደርስሽ ቦርሳሽን ሳታወርጂ በር ላይ ቆመሽ ነው የምታነቢው። ወንበር ሳቢ። ተቀመጥሽ? ጎሽ።

በስልክ መናገሩን ትቼ የጻፍኩልሽ፣ ድምፄን ከሰማሽ ገና "ሄሎ" ስል ስለምትነቂብኝ ነው። አክስትሽ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ጽሕፈቴ ከተንጋደደ ክንዴ ላይ በተሰካው መርፌ ፍረጂ። ዕድሜ ልኬን ልብስ ስሰፋ ጨርቅ ስወጋ ኖሬ ይኸው መወጋቱ ተራው የእኔ ሆነ።

አዎ፣ ሆስፒታል ተኝቻለሁ። አክስትሽ "ገበያ ወጥታለች፣ ስልኳን ረስታ ነው" እያለች ስትዋሽሽ እኔ አጠገቧ ተኝቼ በምልክት እያስዋሸኋት ነበር። እሷን እንዳትቆጪያት።

እዚህም እንዳንቺ ያሉ የሕክምና ተማሪዎች አሉ። ጠዋት ጠዋት ነጭ በነጭ ለብሰው ከፕሮፌሰሯ ኋላ እየተግተለተሉ ይመጡና አልጋውን ይከቡታል። የክፍላችን ሴቶች "ዶክተር ገና" ነው የምንላቸው። አንዷ ደም ሊቀዳት የመጣውን ልጅ "ዶክተር ነህ?" ብትለው "ገና ነኝ" አለ፤ ስማቸው በዚያው ቀረ።

ለየአልጋው አንድ ተማሪ ይመደባል። ለእኔ የደረሰችኝ ቀጭን፣ ባለመነጽር፣ ስትደነግጥ ከንፈሯን የምትነክስ ልጅ ናት። ፕሮፌሰሯ "ተማሪዋ ማህፀንዎን እንድትመረምር ይፈቅዳሉ? እምቢ ማለት መብትዎ ነው" ስትለኝ "እምቢ" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ገላዬን ገልጬ ልጄን ለምታክል ልጅ! ያኔ አንቺ ትዝ አልሽኝ። አንቺም እዚያ የምትማሪው በሰው እናት ገላ ነው። አንዷ እምቢ ብትልሽ ኮሪደር ላይ ቆመሽ የሚኖርሽን ፊት አሰብኩና "እሺ፣ ግን እጇን ታሙቅ፣ በረዶ ነው!" አልኩ። ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ በመጣች ቁጥር እጆቿን እያሻሸች ነው በበሩ የምትገባው።

ባለፈው ሳምንት ውጤቴ መጣ። አንዱ ሐኪም ለአክስትሽ ቀድሞ ሹክ ብሏታል። ሰው እንዲህ ነው፤ ከባድ ነገር ሲሆን ለቤተሰብ ይነገራል፣ ከበሽተኛው ይደበቃል። ፕሮፌሰሯ ግን ይሄን አትወድም። ለተማሪዎቿ የምትነግራቸው ሌላ ነው፤ ከሕመምተኛዋ ጋር እኩል ተቀመጡ፣ የምታውቀውን ጠይቋት፣ ከባድ ነገር እንደሚመጣ አስጠንቅቋት፣ የበሽታውን ስም ሳትሸሽጉ ጥሩት፣ ከዚያ ዝም በሉ። "ተማሪዋ ትንገርዎት? እኔም አጠገቧ እሆናለሁ" አለችኝ። ትንገረኝ አልኩ።

ልጅቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"እናቴ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያውቃሉ?"

"እኔ የማውቀው እህቴ ሰሞኑን የምላትን ሁሉ እሺ ማለቷን ነው። ከተወለደች እሺ ብላኝ አታውቅም" አልኳት። አክስትሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"የምነግርዎት ከባድ ነው" አለች። ከዚያ ስሙን ጠራችው።

ዝም ማለቱ ላይ ግን ወደቀች። ጭንቅ ብሏት መሰለኝ፣ የመድኃኒቱን፣ የጨረሩን፣ የማይገባኝን ሁሉ ታወርደው ጀመር። ፕሮፌሰሯ እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል ስታደርግላት ቀጥ አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "ይቅርታ እናቴ፣ ማልቀስ አልነበረብኝም" ትለኛለች። "ነይ ወዲህ" ብዬ ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ አስደገፍኳት። ለራሴ ማልቀሱን ረሳሁት። የማስበው አንቺን ነበር። አንቺ ይሄን ለሰው እናት ስትናገሪ ትከሻሽን የሚይዝልሽ ማን ነው?

አክስትሽ ደብቃኝ ነበር ብዬ ሁለት ቀን አኮረፍኳት። ኋላ ሳስበው እኔስ ላንቺ ያደረግሁት ያንኑ አይደል? እና የኔ ሚጢጢ፣ ፕሮፌሰሯ እንዳለችው ላድርገው።

ተቀምጠሻል። ምን ታውቂያለሽ? ያን ሰሞን "ድምፅሽ ቀጠነብኝ" ስትዪኝ ጉንፋን ነው አልኩሽ። አላመንሽኝም ነበር። የምነግርሽ ከባድ ነው፣ ልጄ። የማህፀን በር ካንሰር ነው። ወደ ሳንባዬም ተሰራጭቷል። በቀዶ ጥገና አይወጣም። መድኃኒቱ ሕመሙን ያስታግስልኛል፣ ትንሽ ጊዜም ይጨምርልኛል፤ አያድነኝም።

አሁን ዝም ልበል።

.

.

አለሁ። እዚሁ ነኝ።

"እኔ ሕክምና እየተማርኩ እናቴን" እያልሽ ራስሽን እንዳትበዪ። ደም ሲታየኝ የዕድሜ ነው ብዬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ያልነገሩት ሐኪም ምን ያውቃል?

ስንት ጊዜ እንደቀረኝ ጠየቅኩ። ፕሮፌሰሯ "ወራት እንጂ ዓመት አይመስለኝም" አለችኝ። ያንቺ የመጨረሻ ፈተና ደግሞ ደርሷል። አክስትሽ "ፈተናዋን ጨርሳ ትምጣ ብለሽ ጻፊላት፤ ይሄን ያህል ለፍታ ልጅቱን ከመንገድ አታስቀሪያት" አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔም "በርቺ፣ እኔ እጠብቅሻለሁ" ብዬ ጻፍኩልሽ። ጀግና እናት ሆንኩልሽ። ለዶክተር ገና ባነብላት እጆቿን እያሻሸች ዝም አለችኝ። ይሄኛውን ዝምታ ቻለችበት።

"ምነው?" አልኳት።

"እውነት ይጠብቋታል?" አለችኝ።

ወረቀቱን ቀደድኩት።

አልችልም፣ የኔ ሚጢጢ። ፈርቻለሁ። የሰው ልጆች እጃቸውን እያሞቁ ይነኩኛል፣ ይባረኩ። እኔ ግን የምፈልገው ያንቺን እጅ ነው፣ በረዶም ቢሆን።

እጅሽ የነካው ይዳን። እግርሽን ዕንቅፋት አይምታው። እንደኔ ሆዱ የሚባባ ሰው በሄድሽበት አይጥፋሽ። ወልደሽ ሳሚ፣ እኔ ባላየውም።

እናትሽ

ደግሞም ዶክተር ገናን ጠይቄያታለሁ፤ ፈተና ያመለጠው ሌላ ጊዜ ይፈተናል ብላኛለች። ነይልኝ።