ሻምበል የሞተበት ቀን

ጉርድ ሾላ፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ደብሪቱ፣

«ጋሼ፣ እሑድ አትልፋ፤ አትምጣ። ሻምበል ከሞተ ቆይቷል። ቁስልህ ሳይሽር እንዳትናደድ ብለን ነው ያልነገርንህ። መቼም ለውሻ መርዶ አይነገርም። አይዞህ፣ ከጉዲሳ ቤት ቡችላ አስይዤልሃለሁ።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በስልኬ የላክሽልኝ መልእክት ይህ ነው። አንድ ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። «ውድ» ብዬ የጀመርኩት ለወግ አይደለም፤ ተናድጄብሽም ውድ ነሽ። ግን በጣም ተናድጄብሻለሁ። ሦስት ቀን ጠበቅኩ፤ ንዴቱ አልበርድ አለ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው።

መልእክትሽ የደረሰኝ ደረጃ ላይ ነው። ዳሌዬን በቀዶ ሕክምና ከታከምኩ ወዲህ ከልጄ ከሄለን ቤት፣ ከአራተኛ ፎቅ በከዘራ መውረድና መውጣት ስለማመድ ነበር። ልምምዱ ለእሑድ ነበር፤ ሻምበልን ከእናንተ ዘንድ ይዤ ወደ ቀበና ቤቴ ልመለስ። አዲሱ የአንገት ማሰሪያው ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። አንብቤው እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጥኩ። የዚያ ፎቅ ነዋሪ ሰዓዲያ ከሥራ ስትመለስ አገኘችኝ።

«ጋሼ በርናባስ፣ አመመዎት እንዴ?»

«አይ፣ ሰው ሞቶብኝ ነው» አልኳት።

ቦርሳዋን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። «አላህ ያጥናዎት። ማን ነው የሞተው?»

«ሻምበል።»

«ወታደር ነበሩ?»

«አዎ» አልኳት። ምን ልበላት? ማታ በፔርሙስ ሻይ፣ በሳህን ዳቦ ይዛ ለልቅሶ መጣች። ከሄለን ጋር ተፋጥጠን እያየናት «ልጆች አሏቸው?» ብላ ጠየቀች። ለሻምበል የተቀመጠለት ልቅሶ እሱ ብቻ ነው፤ እሱም በውሸት የተገኘ።

ሰዓዲያ ስትወጣ ሄለንን «አንቺም ታውቂ ነበር?» አልኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ብርጭቆ ታጥባለች።

«እኔም የነገረችኝ በቅርቡ ነው፤ መቼ እንደሆነ አላለችኝም። ዶክተሩ አታናዱት ብሎን ነበር እኮ፣ አባዬ።»

«ዶክተሩ ሻምበልን ያውቀዋል?»

«አንተን ያውቅሃል» አለችኝ።

እህቴ፣ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ናሙና የመረመርኩ ሰው ነኝ። ጠርሙሱ ላይ የተቀዳበት ቀን፣ ሰዓቱና የቀጂው ስም ካልተጻፈ፣ ውሃው የቱንም ያህል ጥሩ ቢመስል እደፋዋለሁ። ወጣቶቹ «ሰውዬው ያከርረዋል» ይሉኝ ነበር። ይበሉ። ከየት እንደመጣ ያላወቅኩትን ነገር ንጹሕ ነው ብዬ ፈርሜ አላውቅም። አንቺ ግን «ቆይቷል» አልሽኝ። «ቆይቷል» የሚባል ቀን በየትኛውም የቀን መቁጠሪያ ላይ የለም።

ሆስፒታል ልገባ ስል ያመጣሁልሽ ቀን ግን አለ። ጥር 4 ቀን፣ እሑድ። የታክሲው ሾፌር ወንበሬን ያቆሽሽብኛል ብሎ እምቢ ሲለኝ ካፖርቴን አነጠፍኩለት። ሽቅቡን ስንወጣ ሻምበል አፍንጫውን በመስኮቱ ስንጥቅ አስወጥቶ የባሕር ዛፉን አየር ይስብ ነበር። ባለቤትሽ ቀሲስ ገብረ ክርስቶስ ከቅዳሴ ተመልሰው ደጅ ቆመው ጠበቁን። «ተከትሎኝ ማርያም እንዳይገባ እንጂ፣ ለእኔስ ጥሩ ጓደኛ ነው» አሉ። እኔ ምግቡን፣ መኝታውን፣ የጆሮውን መድኃኒት በወረቀት ጽፌ ሰጠሁሽ። ሁለት ገጽ ነበር። «ጋሼ፣ አራት ልጅ አሳድጌያለሁ እኮ» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ወደ ታክሲው ስመለስ አልተከተለኝም። ተቀመጥ ብዬው ነበርና ተቀመጠ። በአሥራ አንድ ዓመት ዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ ተቀመጥ ብዬው ተነሥቶ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትደውይልኝ ነበር። የነገርሽኝን ሁሉ በቀን በቀኑ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ፤ ከአልጋ ሳልወርድ ሌላ የምሠራው አልነበረኝም። ጥር 17፦ «ከጎረቤታችን ከጉዲሳ አህያ ጋር ተዋውቋል። ስትሄድ ይሄዳል፣ ስትቆም ይቆማል፤ ቤተ ዘመድ ሆነዋል።» የካቲት 4፦ «ጠዋት ከሚሮጡት አትሌቶች ጋር እስከ ኩርባው ድረስ ሮጠ። አንዷን ቀድሟታል።» ያን ቀን ስስቅ ስፌቴ አሞኝ ሄለን ደንግጣ ከወጥ ቤት ሮጣ መጣች። የካቲት 24፦ «ጾም ስለሆነ እኛ ቤት አጥንት የለም። ጉዲሳ ቤት ግን አይጾሙም፤ ሰዓቱን ለይቶ ደጃፋቸው ይቀመጣል። ጉዲሳ ዛሬ ‹ውሻችሁ ሃይማኖት ቀይሯል› አለኝ።»

ሁሉንም አመንኩሽ። ያመንኩሽ ዝርዝር ስለነበረው ነው። ውሸት የሚነገረው በጥቅሉ ይመስለኝ ነበር፤ ደህና ነው፣ ምንም አይል፣ ይበላል፣ ይጠጣል ተብሎ። አህያና አትሌት ያለበት ነገር ውሸት ይሆናል ብሎ ማን ይጠረጥራል? አሁን ደብተሩን ከፊቴ ዘርግቼ የቱ ገጽ ላይ መስመር እንደማሰምር አላውቅም። እስከ የትኛው ቀን ድረስ ነው ሻምበል የነበረው? ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው አንቺ ብቻ የነበርሽው? አትሌቷን የቀደማት እሱ ነው ወይስ አንቺ?

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የመጋቢት 9 ቀኑን ነው።

የዚያን ቀን ሐኪሙ አጥንቱ ቀስ ብሎ ነው የሚገጥመው፣ ታገሥ ብሎኝ ከፍቶኝ ነበር። ስትደውይ «ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊልኝ» አልኩሽ። ከኋላሽ ቀሲስ «ኧረ ተይ፣ ደብሪቱ! ተይ!» ሲሉ ሰማሁ። ስልኩን ውሻ እንዳይነካው ፈልገው ነው ብዬ ቅር አለኝ። አንቺ ግን «እሺ፣ ይኸው፣ ተናገር» አልሽኝ። ያን ቀን ሻምበል በሕይወት እንዳልነበረ አሁን ከቀሲስ ድምፅ ገብቶኛል። እሳቸው ሊያስቆሙሽ ነበር። አንቺ ስልኩን የራስሽ ጆሮ ላይ አድርገሽ ቀረሽ።

የተናገርኩትን ሰምተሻል። የሰማሽው ግን ቁርጥራጭ ነው፤ ለሻምበል ሙሉውን ከስድስት ዓመት በፊት ነግሬው ስለነበር ማስረዳት አላስፈለገኝም። ለአንቺ ዛሬ ሙሉውን ልጻፍልሽ። በጆሮሽ ከወሰድሽው በእጄ ብሰጥሽ ይሻለኛል።

ባለቤቴ አስቴር ስትሞት ለሁላችሁም «እጄን እንደያዘች ነው ያረፈችው» አልኳችሁ። አንቺም ለለቀስተኛው ሁሉ ደጋግመሽ ነገርሽልኝ። ውሸት ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አልጋዋ ግርጌ የተሰቀለው ካርድ ዕድሜዋን 51 እንደሚል አየሁ። 49 ነበረች። ዕድሜዋን ያላወቁ ሰዎች መድኃኒቱን እንዴት ይለኩላታል ብዬ ተነሣሁ። አስቴር «ተው በርናባስ፣ ተቀመጥ» አለችኝ። «አሁን እመጣለሁ» አልኳት። መዝገብ ክፍል ሄጄ ተሟገትኩ፣ ኃላፊ አስጠራሁ፣ አዲስ ካርድ አስጻፍኩ። ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ። የተስተካከለውን ካርድ ይዤ ስመለስ ነርሷ መጋረጃውን እየሳበች ነበር። እጇን የያዘው ማንም አልነበረም።

ይህን ለሄለን አልነገርኩም፣ ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም። ከቀብር መልስ ጓሮ ገብቼ ለሻምበል ነገርኩት። አስቴር ናት በዘንቢል ይዛው የመጣችው፤ ስሙንም ያወጣችለት እሷ ናት፤ ገና ቡችላ ሳለ ግቢውን እየዞረ ስለሚቆጣጠር። ሊሰማኝ የሚገባው እሱ ነው አልኩ። ከዚያ በኋላም ሲከብደኝ ለእሱ ነበር የምናገረው። መጋቢት 9 ቀን በስልኩ ያልኩትም ይኸው ነው፦ «ሻምበል፣ አንተንም ተቀመጥ ብዬ ትቼህ ሄድኩ። እንደ አስቴር ሳልደርስ እንዳትሄድብኝ። እመጣለሁ። አንተ ብቻ ነህ የምታውቀው።»

ስጨርስ «ጅራቱን ቆላ» አልሽኝ። ድምፅሽ ወፍሮ ነበር። ጉንፋን ይዟት ነው ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

ያንን ይቅር ማለት አቅቶኛል፣ ደብሪቱ። ሻምበል መሞቱን አይደለም፤ አርጅቶ ነበር። ለእሱ የተናገርኩትን አንቺ መውሰድሽን ነው። አሥር ቀን ሙሉ ይህን ይዘሽ እንደ ወትሮው እየደወልሽ ስለ ጉዲሳ አህያ ስታወሪልኝ ምን ታስቢ ነበር? አዘንሽልኝ? ናቅሽኝ? «ሰውዬው እስከ ዛሬ ሲዋሸን ኖሯል» አልሽ?

ብትዪም ልክ ነሽ። መዋሸቱን ከእኔ ነው የተማርሽው። ልጅሽን ልደቱን ወልደሽ አራስ ሳለሽ እናታችን ስትሞት፣ እስከ ክርስትናው ድረስ እንዳይነገርሽ ብዬ የወሰንኩት እኔ ነኝ። «እማዬ የት ቀረች?» ስትዪኝ «ጠበል ገብታለች፣ ሱባኤዋን ስትጨርስ ትመጣለች» አልኩሽ። ከጠበሉ ሰላምታ ሁሉ አመጣሁልሽ። መርዶው ከተነገረሽ በኋላ ሰው ሁሉ «ወተትሽ እንዳይደርቅ ብሎ ነው፣ አትፍረጂበት» ሲልሽ፣ አንቺ እኔን አየሽና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሽኝ። «እሷ አፈር ውስጥ ሆና እኔ ስንት ቀን ሳቅኩ?» አልሽኝ። አልመለስኩልሽም። ቀኑን እያወቅኩ አልመለስኩልሽም። ሠላሳ ሦስት ቀን ነበር። ይኸው፣ አሁን መለስኩልሽ።

እኔም የምጠይቅሽ ያንኑ ነው። ውሻና እናት አንድ ናቸው አላልኩም። ስንት ቀን እንደሳቅኩ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ራሴ መጥቼ መጠየቅ እችል ነበር፤ በከዘራም ቢሆን ሽቅቡን እወጣዋለሁ። ግን ፊቴን ስታዪ ታዝኚልኛለሽ፤ ስታዝኚ ደግሞ ትዋሻለሽ። ስለዚህ ጻፊልኝ። የሞተበትን ቀን ከነሰዓቱ ጻፊ። ምን እንዳመመው፣ እስከ መጨረሻው ይበላ እንደነበር፣ ወደ በሩ ያይ እንደነበር ጻፊ። የት እንዳደረጋችሁት ጻፊ። ጉዲሳ ጉድጓድ ቆፍሮለት ከሆነ እሱንም ማመስገን አለብኝ። ገደል ከተጣለ «ገደል ተጣለ» በይ፤ ሰው በውሻ ቀብር እንዳይስቅባችሁ ፈርታችሁ እንደሆነ ይገባኛል። ቀሲስ ሊያስቆሙሽ መሞከራቸውን እንዳልረሳሁት ንገሪልኝ። ቡችላውን ለሚፈልገው ስጡት።

ከሁሉ በላይ፣ ሲሞት አጠገቡ ማን እንደነበረ ጻፊ። አንቺ ከነበርሽ «እኔ ነበርኩ» በይ። ማንም ካልነበረ ግን ለእኔ ብለሽ ሰው እንዳትፈጥሪ። «ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ፣ እጄ ግንባሩ ላይ ነበር» የሚል ነገር አልፈልግም፤ እንዲህ ያለውን እኔም እችልበታለሁ፣ ስድስት ዓመት ኖሬበታለሁ። «ማንም አልነበረም» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ከላይ እንደምታዪው እኔ ዛሬ ጽፌዋለሁ፤ እጄ አልደረቀም።

መልስሽን በራስሽ እጅ ጽሕፈት፣ እስከ ሚያዝያ 5 ቀን፣ እስከ ሆሳዕና እሑድ ድረስ እጠብቃለሁ። ሄለን ያን ቀን ማርያም ለመሳም ስለምትመጣ በፖስታ አሽገሽ ስጫት። እስከዚያ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አትደውይልኝ። በስልክ የሚነገረኝን አልቀበልም፤ በስልክ በጣም ቆንጆ አድርገሽ ትዋሻለሽ።

ወንድምሽ
በርናባስ