ጋቢህን የቀቀልኩበት ቀን

ለታዴ፣

የት ይድረስህ ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። ከሄድክ ሰባት ዓመት ሆነህ፣ አድራሻ አልተውክልኝም። ባለፈው ቅዳሜ መካነ ሰላም ገበያ ብረት ድስት ስመርጥ ሻጩ የማን ቤት እንደሆንኩ ጠየቀኝ። የክሊኒኩ ድሬሰር የታደሰ ሚስት ነኝ ስለው ከንፈሩን መጠጠና ድስቶቹን አንድ በአንድ አንኳኩቶ ደህናውን መረጠልኝ። ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሙሉ ካንተ ጋር ሳወራ መጣሁ። ወሬው አላልቅ ቢለኝ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ቤታችን ቆርቆሮ ለብሷል። ዝናብ ሲጥል ሰው ከሰው አያነጋግርም፤ አንተ ብትኖር ሣር ክዳኔን መልሱልኝ ትል ነበር። በጓሮ የተከልካቸው ባሕር ዛፎች ቤቱን አልፈው ሄደዋል። ንጉሡ ወርደዋል። መሬት ለአራሹ ተባለ፣ ተማሪዎች ከከተማ ዘምተው መጡና የገበሬ ማኅበር አቋቁመውልን ሄዱ። ሬዲዮ ላይ ጆሮህን ለጥፈህ ስትጠብቀው የነበረው ሁሉ አንተ በሌለህበት መጣ። እኔም ለማን እንደምነግረው ሳላውቅ ብዙውን እንዲሁ አሳለፍኩት።

ክሊኒኩ ከቤታችን ጋር ባንድ ግቢ ያለ ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ ነበር። መርፌ ወጊው አንተ፣ ቁስል አጣቢው አንተ፣ አዋላጁ አንተ፣ ጠራጊው እንኳ አንተ ነበርክ። ሰው ጨምሩልኝ እያልክ ወደ ደሴ የጻፍካቸውን ደብዳቤዎች እስከ መካነ ሰላም የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ። መልስ መጥቶ አያውቅም። እስቲ እኔን አስተምረኝ ስልህ ትስቅብኝ ነበር፤ አንቺ የቄስ ልጅ ዳዊትሽን ድገሚ ትለኝ ነበር። ይህን ቀልድህን አንድም ቀን ወድጄው አላውቅም።

ክፉው ቀን ሲመጣ ግን ሳትወድ ሥራ ሰጠኸኝ። ከማሻ በኩል የመጡት ረሃብተኞች በረንዳውን ሞሉት፤ ተስቦው አብሯቸው መጣ። በሽታውን ከሰው ወደ ሰው የሚያዛውረው ቅማል መሆኑን የነገርከን ያኔ ነው። ግቢው ውስጥ በርሜል ጥደን ልብሳቸውን መቀቀል የኔ ድርሻ ሆነ። አንተ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍም መስጊድ ደጃፍም ቆመህ ለመንክ። በተስቦ ለሞተ ሰው ለቅሶ አትሰብሰቡ፣ ልብሱንም ሳይቀቀል አትንኩ አልክ። ሰው አዘነብህ። እዚህ አገር ለሟች የሚለቀሰው ልብሱ ወጥቶ፣ እናቱ ወይም እህቱ በእጇ ይዛ እያገላበጠችው ነው። ባዶ እጃችንን ምን ይዘን እናልቅስ አሉህ። ጎረቤታችን ሼህ ይመር ብቻ፣ ወላሂ ሐኪሙ ለክፋት አይናገርም እያሉ ከጎንህ ቆሙ።

ከዚያ ያልከውን አንተው ራስህ አፈረስክ። ይህን ሰባት ዓመት ሙሉ ልነግርህ ስፈልግ ኖሬአለሁ። አንዲት ሴት በረንዳው ላይ ስትንቀጠቀጥ አይተህ ጋቢህን አለበስካት። በማግስቱ ስትሞት ጋቢውን ይዘህ መጣህ። ስጠኝ ልቀቅለው አልኩህ። እንጨቱ አልቋል፣ ብርዱም ብርድ ነው፣ ነገ ትቀቅይዋለሽ አልከኝና ተከናነብከው። ሌላ ጋቢ አልነበረህም። እኔም ደክሞኝ ነበር። ከትከሻህ ላይ ልነጥቅህ ስችል ዝም አልኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ተኛህ። አልጋህ ላይ ሆነህ በመጨረሻ ያዘዝከኝ ሰው እቤት እንዳይገባ፣ ለቅሶ እንዳይቀመጥ፣ ጋቢህ እንዲቀቀል ነው። እሺ አልኩህ። ያን ጊዜ እሺ ማለት ምን እንደሆነ አላወቅኩም። አራት ሰዎች ቀበሩህ፣ ካህኑ ከሩቅ ሆነው ፈቱህ፣ ሼህ ይመር በአጥራቸው ማዶ ዱዓ አደረጉልህ።

እናትህ መርዶው ደርሷቸው በሦስተኛው ቀን ከከላላ በበቅሎ መጡ። ዘመድ ሁሉ ተከትሏቸዋል። እኔ የአጥሩ በር ላይ ቆሜ እጄን ዘረጋሁ፤ አይገባም አልኩ። እማማ ከበቅሎ ወርደው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ልጄንስ አልደረስኩበትም፣ ጋቢውን እንኳ ስጪኝና ይዤው ላልቅስ አሉኝ። ጋቢህ በርሜሉ ውስጥ ይንተከተክ ነበር። እንፋሎቱ ከቆሙበት ይታያቸዋል። አልሰጠኋቸውም። መሬት ላይ ቁጭ አሉና፣ ልጄን በበርሜል ቀቀለችው እያሉ ሙሾ አወረዱ። ያ ሙሾ በየገበያው ዞረ። ከዚያ ወዲያ ከእማማ ሰላምታ እንኳ መጥቶልኝ አያውቅም ነበር።

ክሊኒኩ ተዘጋ። ቁልፉ እኔ ጋ ቀረ። ሰው የታመመ ልጁን አዝሎ ደጄ ይመጣል። በሩን እከፍትለታለሁ፣ መደርደሪያው ላይ የተረፉትን ጠርሙሶች አብረን ቆመን እናያለን፣ ከዚያ መልሼ እዘጋለሁ። የትኛው ለምን እንደሆነ አላውቅማ። የምታውቀውን ሁሉ ይዘኸው ተቀበርክ ታዴ። ዛሬም የምቆጣህ በዚህ ነው።

ለማኅበሩ፣ ደሴ ሄዶ ለጤና ወኪልነት የሚሠለጥን ሰው ምረጡ ተብሎ ሲታዘዝ ማንበብ የሚችለው ጥቂት ነበር። ስሜ ሲጠራ አንዱ ተነስቶ፣ ለባሏ ያላስለቀሰች ሴት ለእኛ ምን ታዝናለች አለ። እውነቱን ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ሼህ ይመር በምርኩዛቸው ተነሱ። ያን ቀን ይህች ልጅ በሩን ከፍታልን ሁላችን ገብተን ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስንታችን እዚህ እንቀመጥ ነበር አሉ። እንዲህ ተመረጥኩ።

ደሴ ወራት ተቀመጥኩ። አስተማሪው ስለ ተስቦ ሲያስረዳ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ፤ ሳይጨርስ ግን ተመለስኩ። አሁን ቁስል አጥባለሁ፣ እርጉዞችን አያለሁ፣ ከአቅሜ በላይ የሆነውን በቃሬዛ መካነ ሰላም እልካለሁ። የሼህ ይመር ልጅ ፋጡማ አብራኝ ትሠራለች። የማውቀውን አንድ ሳላስቀር አሳያታለሁ። ከኔ ይልቅ እጇ ቀላል ነው፤ ብታያት ትቀናባት ነበር። አንተ ያላስተማርከኝንም አንድ ነገር አስተምሬአታለሁ። የሟችን ልብስ በርሜል ከመክተታችን በፊት ራቅ አድርገን፣ ሜዳ ላይ፣ በረጅም እንጨት እንሰቅለዋለን። እናትየው ሳትነካው ታየዋለች፣ ስሙን ጠርታ እስኪበቃት ታለቅሳለች። እኛ እንጠብቃታለን። ይህን ያኔ ባውቀው ኖሮ ምን ነበረበት።

ዘንድሮ ለሥራ ወደ ከላላ ተላክሁ። ጋቢህን ከሣጥን አውጥቼ ይዤው ሄድኩ። እማማ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምጼ አወቁኝ። ግቢም አላሉኝ፣ ሂጂም አላሉኝ። ጋቢውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። በጣታቸው ጥለቱን ፈለጉ፣ ከዚያ ፊታቸውን ቀብረው ብዙ አሸተቱት። ቀና ሲሉ፣ ልጄ የለበትም አሉ። እኔም ሣጥኑን እየከፈትኩ ስንት ጊዜ ፈልጌ አጥቼሃለሁ፤ ያ የፈላ ውሃ ጠረንህን ጭምር ነው የወሰደው። ይህን ስነግራቸው እጄን ያዙኝ። ጋቢውን መካከላችን ዘርግተን፣ እሳቸው በአንድ ጫፍ እኔ በአንድ ጫፍ ይዘን አለቀስን። ለቅሶህ ሰባት ዓመት ዘግይቶ በሁለት ሴት ተለቀሰ።

ልነሳ ስል ጋቢውን ተከናነቡት። ካሁን በኋላ የኔ ነው፣ ለብሼው እኔን እኔን ይሽተት አሉኝ። ስሞት መጀመሪያ አንቺ አይተሽው አልቅሽልኝ፣ ከዚያ ቀቅይው፤ ማንንም አትፍሪ አሉኝ።

እሺ አልኳቸው፤ አሁን ቃሉ ምን እንደሚከብድ አውቄ። ላንተም ቃል እሰጥሃለሁ። አልረሳህም እያልኩ አልምልልህም፤ የምለው ይህን ብቻ ነው። አንተ ከሞትክ ወዲህ ከበርሜሉ ሥር እንጨት አልቆ አያውቅም። በየማለዳው እኔ ራሴ ሄጄ አየዋለሁ። እኔ የማልችልበት ቀን ሲመጣም ፋጡማ ታየዋለች።

ያንተው ዘነቡ